የረቡዕ ውሃ

ረቡዕ ጠዋት፣ ሥራ ከመግባቴ በፊት፣ ዋሽንግተን ውስጥ አናኮስቲያ ወደሚባለው ወንዝ እወርዳለሁ። በአንድ እጄ ረዥም ዘንግ፣ በዘንጉ ጫፍ የታሰረ ንጹሕ ጠርሙስ፣ በትከሻዬ በረዶ ያለበት ትንሽ ሳጥን። ጓንቴን አጠልቃለሁ፤ ጠርሙሱን አፉን ደፍቼ ውሃው ውስጥ እከተውና ወደ ወራጁ አዙሬ እሞላዋለሁ። 100 ሚሊ ሊትር፣ ከአንድ የሻይ ብርጭቆ ብዙም አይበልጥም። ሰዓቱን፣ የውሃውን ሙቀት፣ ድፍርስነቱን፣ ትናንት ዘንቦ እንደሆነና እንዳልሆነ እጽፋለሁ። ከዚያ ጠርሙሱ በረዶው ውስጥ ይገባና ጥቂት ሰዓት ሳይቆይ ላቦራቶሪ መድረስ አለበት። በሰመር ወራት በየሳምንቱ እንዲህ ነው።

ደሞዝ የለውም፤ በጎ ፈቃድ ነው። ባለቤቴ መጀመሪያ ሰሞን «ሰው አሜሪካ መጥቶ ፍሳሽ ይቀዳል?» እያለ ስቆብኛል። ታናሽ እህቴ ደግሞ ከአዲስ አበባ በስልክ «እዚህ አቃቂን ትተሽ ሄደሽ እዚያም አቃቂ አገኘሽ?» አለችኝ። የባሌን ሳቅ አብሬው ሳቅሁት። የእህቴ ግን ወጋኝ። ለምን እንደወጋኝ ትንሽ ቆይቼ እነግራችኋለሁ፤ አሁን ስለ ወንዙ ላውራ።

አናኮስቲያ ትልቅ ወንዝ አይደለም። ሜሪላንድ ውስጥ ብላደንስበርግ ላይ ሁለት ገባሮች ሲገናኙ ይጀምርና 14 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ፖቶማክ ውስጥ ይገባል። ሲልቨር ስፕሪንግና ታኮማ ፓርክ የምንኖር ሐበሾች ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆቻችንን ብስክሌት የምናስተምርበት የስላይጎ ጅረትም ዞሮ ዞሮ የሚገባው እዚሁ ነው። ከባሕር የራቀ ይመስላል እንጂ ባሕሩ ይደርሰዋል። ከቼሳፒክ ሰላጤ የሚነሣው ሙላት ፖቶማክን ሽቅብ እየገፋ መጥቶ በቀን ሁለት ጊዜ ወንዙን ከፍ ዝቅ ያደርገዋል። ስለዚህ ይሄ ወንዝ እንደኛ አገር ወንዝ የጣሉበትን ይዞ እልም አይልም። ወደ ታች ይሄዳል፣ ደግሞ ይመለሳል። አንድ የፕላስቲክ ጠርሙስ ጠዋት በድልድዩ ሥር አልፎ ሲሄድ አይቼ፣ ከሰዓት በኋላ ሽቅብ ሲመለስ አይቻለሁ። ያው ጠርሙስ ለመሆኑ አልምልም። ግን መሰለኝ።

ከተማዋ ደግሞ የድሮ ከተማ ናት። አንድ ሦስተኛ በሚሆነው ክፍሏ የዝናብ ውሃና የሽንት ቤት ፍሳሽ በአንድ ቱቦ ነው የሚሄዱት። በደረቅ ቀን ችግር የለም፤ ሁሉም ወደ ማጣሪያው ይነዳል። ዝናብ ሲጥል ግን ቱቦው ይሞላና ትርፉ ወንዙ ውስጥ ይደፋል። ይሄ ብልሽት አይደለም፤ ከመጀመሪያው እንዲያ ተደርጎ ነው የተሠራው። ወንዙ ውስጥ መዋኘት ከ1971 ጀምሮ የተከለከለ ነው። በ2005 የከተማው የውሃ ድርጅትና የፌዴራሉ መንግሥት ፍርድ ቤት ፊት ስምምነት አደረጉ፤ ከምድር በታች ባቡር የሚያሳልፉ የሚያካክሉ ዋሻዎች ተቆፍረው የዝናቡን ትርፍ እየያዙ ወደ ማጣሪያው እንዲልኩት። የመጀመሪያው ክፍል በ2018፣ የመጨረሻው በ2023 ሥራ ጀመረ። ለውጡ በዓይን ይታያል፣ አልክድም። የዚያኑ ዓመት ሐምሌ ከ50 ዓመት በላይ ቆይቶ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው በሕጋዊ መንገድ እንዲዋኝበት ቀን ተቆርጦ ነበር። ዘነበ። ዋናው ለሌላ ጊዜ ተላለፈ።

ወደ ጠርሙሴ ልመለስ። ላቦራቶሪ ሲደርስ የባክቴሪያ ምግብ የሆነ ዱቄት ይጨመርበታል፤ ከዚያ 97 ትንንሽ ጉድጓድ ያለው የፕላስቲክ ትሪ ላይ ይፈስሳል፣ ይታሸጋል፣ 35 ዲግሪ ሙቀት ውስጥ አንድ ቀን ያድራል። በማግስቱ ጨለማ ቦታ ወስደው ሐምራዊ መብራት ሲያበሩበት፣ ኢ. ኮላይ ያለበት ጉድጓድ ሁሉ ሰማያዊ ሆኖ ያበራል። መጀመሪያ ያሳዩኝ ቀን፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ የጥምቀት ዋዜማ ጧፍ መሰለኝ። ምን ያህሉ እንደበራ ይቆጠርና ከሠንጠረዥ ላይ አንድ ቁጥር ይነበባል። ዓርብ ቀን ቁጥሩ ለሕዝብ ይወጣል፤ ከ410 በታች ከሆነ አረንጓዴ፣ ከዚያ በላይ ከሆነ ቀይ። ከባድ ዝናብ ከጣለ 97ቱም ያበራሉ። ያን ጊዜ የሚጻፈው «ከ2,419.6 በላይ» ተብሎ ነው። ከዚያ ወዲያ መሣሪያው ቁጥር የለውም። ነጥብ ስድስቷ ሁልጊዜ ታስቀኛለች፤ ልክ ማወቁ ያበቃበትን ቦታ በአሥረኛ ሳይቀር ያውቀዋል።

ልብ በሉ፣ ረቡዕ የቀዳሁት ውሃ ዓርብ ቀን ነው ስሙ የሚታወቀው። ሐሙስ የዋኘ ውሻ፣ ሐሙስ ከታንኳ የወደቀ ልጅ፣ ቁጥሩን ሳያውቅ ነው የገባበት። ቅዳሜ የሚገባውም ቢሆን የሚያውቀው የረቡዕን ነው። ደግሞም ኢ. ኮላይ ራሱ አብዛኛው ዓይነቱ ማንንም አይገድልም። አንጀት ውስጥ የሚኖር ስለሆነ፣ እሱ ካለ ሰገራ አለ፣ ሰገራ ካለ ሌላውም ክፉ ነገር ሊኖር ይችላል ማለት ነው። ምስክር እንጂ ወንጀለኛ አይደለም። እኔም በየሳምንቱ የማመጣው ዘግይቶ የደረሰ፣ ዓይኑ የደከመ ምስክር ነው። ግን ከሌላ ምስክር ሁሉ የሚሻል።

እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ጥያቄ እንግዲህ እዚህ ላይ ይጀምራል። ምስክሩን የያዘ ሰው ምን ዕዳ አለበት? የውሃውን ክፋት የሚያውቅ ሰው፣ ውሃውን ያላቆሸሸው ሰው፣ ስላወቀ ብቻ ዕዳ ይገባበታል?

መጀመሪያ ስለ 410 የነገሩኝ ቀን ከሰማይ የወረደ ቁጥር መስሎኝ ነበር። ኋላ መነሻውን አነበብኩ። በ2012 የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ለመዋኛ ውሃ መመዘኛ ሲያወጣ ለግዛቶቹ ሁለት ምርጫ ሰጠ። ከ1000 ዋናተኞች 36ቱ ሆዳቸውን ቢታመሙ እንቀበላለን ካላችሁ፣ የአንድ ናሙና ጣሪያችሁ 410 ይሁን። የለም፣ ከ32 በላይ አንፈልግም ካላችሁ 320 ይሁን። በቃ። ሳይንሱ እስከዚያ ድረስ ሄዶ ቆመ፤ የቀረውን ሰው ይወስን ተባለ። ዋሽንግተን 410ን ይዛለች። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል አራት ሰው አለ።

እነዚያን አራት ሰዎች አንዳንድ ረቡዕ አስባቸዋለሁ። ቁጥሩን ያወጡትን ለመውቀስ አይደለም። ዜሮ ብንል ማንም የትም አይዋኝም፤ ማንኛውም ደንብ የሆነ ቦታ ላይ መቁረጥ አለበት፣ ይገባኛል። የሚከነክነኝ አረንጓዴው ክብ ነው። አረንጓዴ ሲያይ ሰው «ደኅና ነው» ብሎ ነው የሚያነበው። ክቡ ውስጥ 36 ሰው ሆዱን ይዞ ተቀምጧል ብሎ የሚያነብ ማን አለ? እኔ ራሴ የምቀዳው ሰውዬ፣ ማለቴ ሴትዮ፣ ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት አላስታውስም።

እንግዲህ ስለ ጋሼ ላውራ።

ከምቀዳበት ቦታ ሠላሳ እርምጃ ያህል ወረድ ብሎ አንድ ሽማግሌ ዘንግ ጥለው ይቀመጣሉ። ነጭ ባልዲ አላቸው፣ የጨርቅ ወንበር አላቸው፣ ጋቢ አላቸው፤ በሰኔ ወር ጠዋት ጋቢ። ጋቢውን ባላይ ሐበሻ መሆናቸውን ላላውቅ እችል ነበር። መጀመሪያ የተናገሩኝ እሳቸው ናቸው።

«የኔ ልጅ፣ ምንድን ነው የምትቀጂው? ጠበል ፈለቀ እንዴ?»

ሳቅን። የባሕር ዳር ሰው ናቸው። ዓሣ ማጥመድ ጣና ላይ ከአባታቸው ተምረው፣ እዚህ ሃያ ምናምን ዓመት ታክሲ ነድተው፣ አሁን ጡረታ ወጥተው ወደ ልጅነታቸው ተመልሰዋል። የሚይዙትን ካትፊሽ «አምባዛ» ነው የሚሉት፣ ትክክልም ናቸው፤ ዘመዳሞች ናቸው። የሚተርፋቸውን በሕንጻቸው ላሉ እናቶች ያድላሉ። «ጾም ሲሆን ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር እኔ ነኝ የማስነሣው» ይላሉ ደስ እያላቸው።

በየሳምንቱ ይጠይቁኛል፦ «ታዲያ ወንዙ እንዴት ነው?» እኔም ያለፈውን ዓርብ ቁጥር እነግራቸዋለሁ። «አረንጓዴ ነው ጋሼ።» «እሰይ!» ይላሉ፤ ዘንጋቸውን ይወረውራሉ።

ይሄ ስንት ረቡዕ እንደቀጠለ መናገር ያሳፍረኛል። ምክንያቱም የነገርኳቸው እውነት ነበር፤ ለጠየቁኝ ጥያቄ ግን መልስ አልነበረም። የኔ ቁጥር ለሚዋኝ ሰው ነው። ስለ ዓሣው ምንም አይልም። የዓሣው ችግር ሌላ ነው፤ ፒሲቢ የሚባል፣ አሜሪካ ውስጥ ከ1979 ጀምሮ መሠራቱ የተከለከለ፣ ድሮ በኤሌክትሪክ ትራንስፎርመር ዘይት ውስጥ ይገባ የነበረ ኬሚካል። አይበሰብስም። ከወንዙ ሥር ባለው ጭቃ ውስጥ ተቀምጧል፤ ጭቃውን ትል ይበላዋል፣ ትሉን ዓሣ፣ ዓሣውን ጋሼ። እንደ አምባዛ ያለ ጭቃ ለጭቃ የሚኖር፣ ስብ ያለው ዓሣ ደግሞ አጥብቆ ይይዘዋል። በ1990ዎቹ ተመራማሪዎች ከአናኮስቲያ ካወጧቸው አምባዛ መሰል ዓሦች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ጉበታቸው ላይ ዕጢ ተገኝቶባቸዋል። ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ ቀንሷል፤ ግን የከተማው ማስጠንቀቂያ እስከ ዛሬ አንዳንዱን ዓሣ ጨርሶ አትብሉ፣ አንዳንዱን አልፎ አልፎ ብቻ ብሉ ይላል። ኢ. ኮላዩ በሳምንት ይመጣል ይሄዳል። ፒሲቢው ግን ቀይም አረንጓዴም ሳይሆን እዚያው ነው።

ይሄን አውቅ ነበር። ከመጀመሪያው ቀን።

ታዲያ ለምን ዝም አልኩ? ለራሴ የሰጠሁት ምክንያት ጥሩ ጥሩ ምክንያት ነበር። አንደኛ፣ አልጠየቁኝም፤ ስለ ውሃው እንጂ ስለ ዓሣው አልጠየቁኝም። ሁለተኛ፣ ሽማግሌ ናቸው፤ ያቺ ወንበርና ያቺ ዘንግ የቀሩላቸው ደስታ ናቸው። ሦስተኛ፣ እኔ የጤና ባለሙያ አይደለሁም። ሦስቱንም ደርድሬ ሳያቸው ግን አንድ ቦታ አውቃቸዋለሁ። ከሃያ ዓመት በፊት አዲስ አበባ ውስጥ እነዚሁኑ ምክንያቶች በሌላ ልብስ አይቻቸዋለሁ።

ያን ጊዜ የኬሚስትሪ ተማሪ ነበርኩ። ለመመረቂያ ጽሑፌ ትንሹ አቃቂ ዳር ከሚበቅል አትክልት ናሙና እወስድ ነበር። አዲስ አበባ የኖረ ሰው ያውቀዋል፤ በመካኒሳና በቄራ በኩል ወንዙን ተከትሎ የጎመን፣ የቆስጣ፣ የሰላጣ መደብ ነው። ውሃው ከላይ የቆዳ ፋብሪካውን፣ የጋራዡን፣ የሰፈሩን ሁሉ ተቀብሎ ነው የሚመጣው። ሽታውን ለመግለጽ ቃል አላባክንም። ከዚያ ውሃ ግን በክረምትም በበጋም የማይደርቅ አረንጓዴ ይበቅላል። የከተማው ግማሽ ሰላጣ ከዚያ ነው ይባል ነበር፤ የኛም ቤት ጎመን ከዚያ ነው።

አንዲት እናት ነበሩ። ሰፈሩ ሁሉ እማማ ይላቸው ነበር፣ እኔም እማማ አልኳቸው። መደባቸው ከወንዙ አምስት እርምጃ ነው። ናሙና ልውሰድ ብዬ ገንዘብ ልሰጣቸው ስል ተቆጡ። «ለትምህርት ነው አላልሽም? ለትምህርት ይሸጣል እንዴ?» ብለው ከቆስጣውም፣ ከሰላጣውም፣ ከጥቅል ጎመኑም ምርጥ ምርጡን ቆርጠው ሰጡኝ። ሦስት ጊዜ ሄድኩ፤ ሦስቴም ቡና አፍልተው ነው የሸኙኝ። በመጨረሻው ቀን ጠየቁኝ፦ «እንግዲህ የኔን ጎመን ስትመረምሪ ምን ተገኘበት?»

ውጤቱ በቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ክሮሚየም፣ እርሳስ፣ ካድሚየም። ቆስጣውና ሰላጣው ከጥቅል ጎመኑ የባሱ ነበሩ፤ አንዳንዱ ለምግብ ከተመከረው መጠን በላይ ነበር።

«ገና ነው እማማ፣ አልደረሰም» አልኳቸው።

ከዚያ ወዲያ አልተመለስኩም። ጽሑፉ ጥሩ ነጥብ አገኘ፤ ተጠርዞ መደርደሪያ ላይ ተቀመጠ። መምህሬ ስለ ውጤቱ ሲያማክሩኝ «ናሙናው ትንሽ ነው፤ ሰው ከማስደንገጥ በፊት ተደጋግሞ መለካት አለበት» ብለውኝ ነበር። ስሕተት አልነበረም። ሳይንስ ጠንቃቃ ነው፣ ጠንቃቃም መሆን አለበት። ችግሩ ጥንቃቄና ፍርሃት አንድ ዓይነት ልብስ ነው የሚለብሱት። እኔ የትኛውን እንደለበስኩ የሚያሳየው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ እቤት ገብቼ እናቴን «ከወንዝ ዳር ጎመን አትግዢ» ብያታለሁ። ለእናቴ ናሙናው በቂ ነበር። ለእማማ ትንሽ ሆነ።

ይቺን ዐረፍተ ነገር ለመጻፍ ሃያ ዓመት ፈጀብኝ።

አሁን ለራሴ ጠበቃ ልቁም፣ ምክንያቱም ነገሩ ቀላል አይደለም። ብነግራቸው ምን ያደርጉ ነበር? መደቡን ትተው የት ይሄዳሉ? የልጅ ልጅ ያሳድጉ ነበር። ሌላ ውሃ የለም፣ ሌላ መሬት የለም። መርዙን ወንዙ ውስጥ የደፋው ሌላ፣ እንዲጨነቅ የተነገረው ሌላ ይሆናል። እዚህም ያው ነው፤ «ዓሣውን አትብሉ» የሚለው ምክር ወጪው በጋሼ ላይ ነው የሚወድቀው እንጂ ዘይቱን በደፋው ላይ አይደለም። ማስጠንቀቂያ ብዙ ጊዜ ዕዳን ከባለ ዕዳው ላይ አንሥቶ በተበዳዩ ጫንቃ ላይ የሚጭንበት ጨዋ መንገድ ነው። ይሄን አምናለሁ። ነገር ግን ይሄ ክርክር ማንን እንደጠቀመ ሳየው፣ እማማን አይደለም። እኔን ነው የጠቀመኝ። ቡናቸውን ጠጥቼ በሰላም ወጣሁበት።

ደግሞ እሳቸው የሚያደርጉት ይኖር እንደሆነ እኔ ምን አውቃለሁ? ሰላጣውን ትተው ጥቅል ጎመን ብቻ ይተክሉ ነበር ይሆናል፤ እሱ ይሻል ነበርና። ለራሳቸው ቤት ከሌላ ይገዙ ይሆናል። ጎረቤት አስተባብረው ቀበሌ ሄደው ይጮሁ ይሆናል፤ ድምፃቸው ትንሽ አልነበረም። ወይም ሰምተው ዝም ይሉ ይሆናል። ከእነዚህ አንዱን መምረጥ የሳቸው ነበር። እኔ አስቀድሜ መረጥኩላቸው። ቁጥሩ ከሳቸው መደብ፣ ከሳቸው እጅ፣ በነጻ የወጣ ነው። ጎመናቸውን ወስጄ ጎመኑ የተናገረውን አስቀረሁባቸው።

አያቴ ስለ አፈርሳታ ታወራ ነበር። አንዳንድ አገር አውጫጭኝ ይሉታል። በአገሩ ሌብነት ወይም ነፍስ ማጥፋት ደርሶ ሰውየው ካልታወቀ፣ ያገሬው ሰው ሁሉ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል። የሚያውቀውን ሳይናገር ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። የቀረ ይቀጣል። ሌባው ካልተገኘ ደግሞ ዕዳውን ሕዝቡ ይካፈለዋል። በልጅነቴ ግፍ ይመስለኝ ነበር፤ ምንም ያላደረገ ሰው ለምን ይከፍላል? አሁን ወንዝ ዳር ቆሜ ሳስበው ለየት ብሎ ይታየኛል። ወንዙን ማን አቆሸሸው? የውሻ ኩስ፣ የመኪና ዘይት፣ የድሮ ቱቦ፣ ከላይ ከሜሪላንድ ከኔ ግቢ የወረደ የሣር ማዳበሪያ። ሌባው አይገኝም። ዋሽንግተን ውስጥ ለዚያ ለትልቁ ዋሻ ማስከፈያ በየወሩ የውሃ ደረሰኝ ላይ አንድ ክፍያ አለ፤ የሚሰላው በጣሪያና በአስፋልት ስፋት ነው፣ ዝናብ በማያሰርገው መሬት ልክ። ቤተ ክርስቲያንም፣ መቃብር ቦታም ይከፍላል። ብዙ ሰው ያማርራል። እኔ ሳየው ግን ሌባው ያልተገኘበት አፈርሳታ ነው።

የአፈርሳታው ክብደት ግን ክፍያው ላይ ብቻ አልነበረም። የሚያውቅ ሰው በዝምታ ወደ ቤቱ መሄድ አለመቻሉ ላይም ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ሰው «ታዲያ መለካት መፍትሔ ነው እያልሽ ነው?» ቢለኝ፣ አይደለም። ከምቀዳበት ቦታ ብዙ ሳይርቅ ኬኒልወርዝ የሚባል ቦታ አለ። ከ1942 ጀምሮ የከተማዋ ቆሻሻ በአደባባይ የሚቃጠልበት ነበር፤ በወንዙ ዳር፣ ጥቁሮች በሚኖሩበት ሰፈር አጠገብ። ጭሱ ከሩቅ ይታይ ነበር። ሰፈርተኛው ልብሱን ማስጣት አቃተኝ፣ ልጄ ሳለብኝ እያለ ዓመት ከዓመት ጮኸ። ማንም መሣሪያ አላስፈለገውም፤ ዓይንና አፍንጫ በቂ ነበር። በየካቲት 1968 የ7 ዓመት ልጅ እዚያ ሲጫወት እሳቱ ደረሰበትና ሞተ። ማቃጠሉ ያን ጊዜ ቆመ። ከሃያ አምስት ዓመት በላይ የጎደለው ዕውቀት አልነበረም።

እና ለምን እቀዳለሁ? መልሴ ብዙም አያኮራም። የሰፈርተኛውን አፍንጫ ማንም እንደ ምስክር አይቀበለውም። ቀበና ዳር የሚኖር ሰው ወንዙ እንደሚገማ ለመናገር ትሪ አያስፈልገውም፤ ቢሮ ውስጥ ለተቀመጠው ሰው ግን ሰማያዊ ሆኖ ካልበራለት አይሰማም። ይሄ ፍትሕ አይደለም። ግን የሚሰማበት ቋንቋ እሱ ከሆነ፣ እሱን የሚናገር ሰው ያስፈልጋል። ያ ሰው ደግሞ ወደ ቢሮው ብቻ ሳይሆን ወደ ባልዲውም ዞሮ መናገር አለበት፤ እኔ ሁለት ጊዜ የቀረሁት እዚያ ላይ ነው።

ባለፈው ሐምሌ አንድ ረቡዕ ሄድኩና አጠገባቸው ሣሩ ላይ ተቀመጥኩ።

«ጋሼ፣ የምነግርዎት ነገር አለ።»

«ወንዙ ቀላ?»

«ወንዙ አረንጓዴ ነው። ዓሣው ነው።» ሁሉንም ነገርኳቸው። ጭቃውን፣ ዘይቱን፣ ስቡን፣ ጉበቱን። ነፍሰ ጡሮችና ልጆች ላይ እንደሚብስ። አላቋረጡኝም። ባልዲያቸው ውስጥ አንድ አምባዛ ነበር፣ ጺሙን እያንቀሳቀሰ።

«መቼ ነው ይሄን ያወቅሽው?»

«ከመጀመሪያው ቀን።»

ረዥም ጊዜ ውሃውን አዩ። «እኔ ሽማግሌ ነኝ፣ ግድ የለም። የሦስተኛ ፎቋ ልጅ ግን ነፍሰ ጡር ናት። እሷን እኮ ነው የማበላት።» ድምፃቸው አልጨመረም። ቢጮሁብኝ በወደድኩ። «ለምን ዝም አልሽ የኔ ልጅ?»

ስለ እማማ ነገርኳቸው። ለባሌ እንኳ ነግሬው አላውቅም። ሲጨርሱ፣ ማለት ሲሰሙኝ ሲጨርሱ፣ ተነሡና ባልዲውን ወንዙ ውስጥ ገለበጡት። አምባዛው ለአፍታ ቆሞ ጠፋ።

«ለሷስ ነገርሻት?» አሉኝ።

«ለማን?»

«ለጎመን ሻጯ።»

«ሃያ ዓመት ሆኖታል እኮ ጋሼ። በሕይወትም ላይኖሩ ይችላሉ።»

«ልጅ የላትም?»

በሚቀጥለው ረቡዕ መጡ። ወንበሩ አለ፣ ጋቢው አለ፣ ዘንጉ አለ። ባልዲው የለም። የያዙትን እየፈቱ ይለቃሉ። ስለ ወንዙ ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። እንደ ድሮው «እሰይ» አላሉም፤ «እሱ የመዋኛው ነው አይደል?» አሉኝ። ነው አልኳቸው።

ለእህቴ ደወልኩ። ሰፈሩን ነገርኳት፣ ድልድዩን፣ የባሕር ዛፉን አጥር። «አብደሻል፣ እዚያ አካባቢ ስንቱ ፈርሶ ስንቱ ፓርክ ሆኗል» አለችኝ፤ ግን እሁድ ቀን ሄደች። ዓርብ ይመስል ቀኑን ሙሉ ስልኬን ሳይ ዋልኩ። በኛ ጠዋት ደወለች። ከኋላዋ የውሃ ድምፅ ይሰማኛል።

«መደቡ አለ» አለች። «ግማሹ ታጥሯል፣ ግማሹ አለ። እሳቸው አርፈዋል፤ ስድስት ዓመት ሆናቸው። አንድ ልጅ ቆስጣ እያጠጣ ነው፣ የልጅ ልጃቸው ነኝ ይላል። አንቺን አያውቅሽም፤ ግን ‘አያቴ ስለ አንዲት ተማሪ ታወራ ነበር’ አለኝ። ምን ልበለው?»

«ስልኩን አቀብዪው» አልኳት።